ሰባት ቀን ያልኩት እኔ ነኝ

አምቦ ውስጥ እንግሊዝኛ አዋቂ ተብዬ ስምንት ወር ኖሬያለሁ። ይህን ያህል የቆየሁት እንግሊዝኛ ስለማውቅ ሳይሆን፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ቀበሌያችን ቴሌቪዥን ገዛ። ቴሌቪዥኑ የሚኖረው አዳራሹ ውስጥ በተሠራለት የጣውላ ሳጥን ሲሆን፣ ቁልፉ ከሊቀመንበሩ ኪስ አይወጣም። እሁድ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ስብሰባ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን። ስብሰባ የቀረ ፊልም አያይም። ስለ ችግኝ ተከላና ስለ ቦይ ጠረጋ ሲወራ የሚያንቀላፋው ሕዝብ ሳጥኑ ሲከፈት እንዴት ነቅቶ ይቀመጥ እንደነበር ሳስታውስ፣ ሊቀመንበራችን ብልህ ሰው ነበር እላለሁ።

በዚያ ሰሞን የሚታየው በየሳምንቱ የሚቀጥል የውጭ አገር ፊልም ነበር፤ ከዋክብት መሃል መንገድ ጠፍቶባቸው የሚንከራተቱ የአንድ መርከብ ሰዎች ታሪክ። መርከብ ይበሉት እንጂ ውሃ አይነካም፣ ሰማይ ላይ ነው የሚሄደው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ቃኘና የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበርኩትን እኔን ተርጉምልን አለኝ። እዚህ ላይ አልችልም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አዲስ ካፖርት ለብሻለሁ፣ አዳራሹ ውስጥም የማገባት ይመስለኝ የነበረች የጤና ጣቢያ ድሬሰር ተቀምጣለች። እሞክራለሁ አልኩ።

የእኔ እንግሊዝኛ የወንዝና የተራራ እንግሊዝኛ ነበር። ስለ ዓባይ ተፋሰስ ብጠየቅ ግማሽ ሰዓት እናገራለሁ። የመርከቡ ሰዎች ግን ስለ ዓባይ ተፋሰስ አይነጋገሩም፤ የሚነጋገሩትም በአፍንጫቸውና በጥድፊያ ነው። ከአሥር ቃል አንዱን እይዛለሁ፣ ዘጠኙን ከራሴ እጨምራለሁ። የክፍል ዘንጌን ይዤ ከሳጥኑ አጠገብ እቆማለሁ። ካፒቴኑና ምክትሉ ሲጨቃጨቁ ካየሁ፣ ምክትሉ የካፒቴኑ የእህት ባል እንደሆነ፣ ጠባቸውም የውርስ መሬት እንደሆነ እናገራለሁ። አዳራሹ ደስ ይለዋል። የመሬት ነገር ለሁሉም ሰው ይገባዋል። ሊቀመንበሩ እንኳን እነሱ ዘንድ የመሬት አዋጁ ገና አልደረሰም ብሎ አስተያየት ሰጥቶበታል።

ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ አስተርጓሚ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ከእንጭኒ መጥተው አምቦ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እኔ በአማርኛ የተናገርኩትን ከኋላቸው ላሉት ሽማግሌዎች በኦሮምኛ ይነግሩላቸዋል። እኔ በአክብሮት አዴ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ባርሲሳ ይሉኛል፣ አስተማሪ ማለታቸው ነው። የእኔን ፈጠራ አሳምረው ሲያደርሱት ስሰማ እኔ ራሴ አምነው ነበር።

አዴ አንድ ልጅ አላቸው። አስተምሬዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚደርስበት አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይጨርስ ታመመ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ አንድ ቀን ቤት ሊያቃጥል ሲል ጎረቤት ተሰብስቦ አሰረው። የእኔ እናት ጸበል ይውሰዱት ብላ መከረች። አዴ ጴንጤ ናቸው፣ ጸበል አይሄዱም፤ የእሳቸው ጸሎት ቤት ደግሞ በመንግሥት ታሽጓል። በመጨረሻ ያቺው ድሬሰር ናት አዲስ አበባ ሆስፒታል የታዘዘለትን ኪኒን አስጀምራው፣ ለምና ገመዱን ያስፈታችው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። እንጨት መፍለጥ ጀምሯል፣ መንገድ ላይ ሲያየኝም አንገቱን ደፍቶ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር ይለኛል።

ከዕለታት በአንዱ እሁድ መርከቡ ላይ ሰው አበደ። እዚያ ፊልም ላይ ሰው ሲያብድ አበዳዱ አንድ ነው፤ ዓይኑ ይፈጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ወዳጁ ላይ መሣሪያ ይደግናል። ታሞ አርፎ የተቀመጠ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ሰላምታ የሚሰጥ እብድ እዚያ መርከብ ላይ አይቼ አላውቅም። ወይ መርከቡን ሊያፈነዳ ነው፣ ወይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድኖ ምሳ ሊበላ ነው። የዚያን ቀኑ ሞተሩን የሚጠብቀው ሰውዬ ነበር። ተረባርበው ያዙት፣ አልጋ ላይ አጋደሙት፣ እጅ እግሩን በቀበቶ አሰሩት። ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገራል። የመርከቡ ሐኪም መጣችና ለካፒቴኑ ረዘም ያለ ንግግር አደረገች። ወዲያው ደግሞ ሰውዬው ከጓደኞቹ ጋር ገበታ ቀርቦ ሲስቅ አየነው።

አዳራሹ ዘንጌን ያያል። አንዲት ቃል አልያዝኩም። ታስሮ ነበር፣ ዳነ፤ መሃሉን መሙላት የእኔ ፈንታ ነው። ሐኪሟ ሰባት ቀን ሳይፈታ ታስሮ ከቆየ ይድናል አለች አልኩ። ሰባት ያልኩት ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ጸበል ሲወራ ሰባት ቀን ሲባል ስለሰማሁ ነው። አንዱ ታዲያ ምንድን ነው የሚለምናቸው ብሎ ጠየቀ። ፍቱኝ ነው የሚለው፣ ሐኪሟ ግን ቢለምናችሁም እንዳትሰሙት ብላለች አልኩ። ድሬሰሯ ያን እሁድ ተረኛ ስለነበረች አልመጣችም፤ ብትኖር ዝም አትልም ነበር። አዴ ወደ ኋላ ዞረው ለሽማግሌዎቹ ሁሉንም አደረሱ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው ሰባት ቀን ነው ያልከው አሉኝ። አዎ፣ ሰባት አልኩ።

ቅዳሜ ቅቤ ልገዛ ገበያ ብሄድ የአዴ ቦታ ባዶ ነው። አጠገባቸው ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴት፣ አዴ ለልጃቸው የፈረንጅ ሕክምና ይዘውለት ቤት እንደዋሉ ነገሩኝ። የፈረንጅ ሕክምና ሲሉኝ ቅቤውን ትቼ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ።

ቤታቸው ስደርስ ልጁ ከምሰሶው ጋር ታስሯል። የእጁ አንጓ ተልጧል። ኪኒኑንም አቁመውታል፤ ሐኪሟ ስለ ኪኒን ምንም አላለችማ፣ እኔ አላስባልኳትማ። አዴ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ ሲለምናቸው እንዳይሰሙ ጆሯቸውን በነጠላ ጠቅልለዋል። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ጤና ይስጥልኝ ቲቸር አለኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ይፍቱት አልኳቸው። ዛሬ ስድስተኛው ቀን ነው፣ አንድ ቀን ነው የቀረው አሉኝ። ነገ ባይሻለውስ ብላቸው ሌላ ሰባት እጀምራለሁ አሉ። ያን ጊዜ ውሸቴን እንደሆነ፣ ሐኪሟ ያለችውን እንዳልሰማሁ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። አንጀትህ አልችል ብሎ ነው አሉኝ። ስምል ስገዘት ሰምተው ሰምተው በመጨረሻ እንዲህ አሉ፤

«ባርሲሳ፣ አንተ ሰው ፊት ተናገርክ፣ እኔም ባፌ ሰው ፊት ደገምኩት። ውሸት ከሆነ ነገ እዚያው ሰው ፊት በለው። እዚህ ጓዳ ውስጥ የምትለኝን አልቀበልም።»

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስለ ልጁ አሰብኩ ብል ደስ ባለኝ ነበር። ያሰብኩት ስለ ካፖርቴና ስለ ዘንጌ ነው። ድሬሰሯን ጠርቼ እሷ ትፍታው ብዬም ነበር፤ ለእሷ መንገር ግን ለአዳራሹ ሁሉ ከመንገር ይልቅ ከበደኝ። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ላገባት የፈለግኩት።

ስብሰባችን የሚጀመረው በሂስና ግለ ሂስ ነበር። በየተራ እየተነሳን ጥፋታችንን እንናዘዛለን፤ ጥፋታችን ደግሞ የታወቀ ነው። አንዱ አርፍዶ መምጣቱን፣ ሌላው ከቦይ ጠረጋ መቅረቱን ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ማንም አይደነግጥም። የእኔ ጥፋት ዘወትር የንባብ ልምዴን አለማዳበሬ ነበር። ያን እሁድ ተነሳሁና ስምንት ወር የተረጎምኩላችሁ አብዛኛው ከራሴ የፈጠርኩት ነው አልኩ። ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። ሰባት ቀን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሐኪሟ ምን እንዳለች አላውቅም፣ ሰውዬው ምን ብሎ እንደለመነም አላውቅም አልኩ። አዴ ወደ ኋላ ዞረው ይህንንም ቃል ሳያስቀሩ ለሽማግሌዎቹ ነገሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሳጥኑ እስኪከፈት ሳይጠብቁ ወጡ። ድሬሰሯም ቦርሳዋን ይዛ ተከተለቻቸው፤ ወደ እኔ አላየችም።

ሊቀመንበሩ ግራ ገብቶት ችግሩ የአመለካከት ነው የቋንቋ ብሎ ጠየቀኝ። የቋንቋ ነው አልኩ፣ የቋንቋ ተብሎ ተጻፈ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሰው አስጠየቁኝ፤ የመሬቱ ክርክርስ ይላሉ። መሬት የለም አልኩ። ታዲያ ለምንድን ነው የሚጣሉት ሲሉኝ አላውቅም አልኩ። ከውሸቴ ይልቅ በዚህ በጣም አዘኑብኝ።

ይሽሩኛል ብዬ ነበር፤ ሌላ ሰው ስለጠፋ አልሻሩኝም። ደንብ ብቻ ወጣልኝ፣ የማላውቀውን አላውቅም እንድል። ከዚያ ወዲህ ትርጉሜ በጣም አጠረ። ልጁ ያኑ ዕለት ተፈትቶ በዚያው ሰሞን ወደ ኪኒኑ እንደተመለሰ ሰማሁ። ሊጠይቁት የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ፊት አጥቼ አልሄድኩም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቴሌቪዥኑ ያንኑ ፊልም ከመጀመሪያው ይደግመው ጀመር። ያ ሞተር ጠባቂ የሚያብድበት እሁድ ሲደርስ አዴ ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። እጅጌው ረዥም ሹራብ ለብሷል፣ እናቱ አጠገብ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። መብራት በጠፋ ብዬ ተሳልኩ። መብራቱ አልጠፋም። ሰውዬውን አሰሩት፣ ለመነ፣ ሐኪሟ መጥታ ረዥሙን ንግግሯን አደረገች። አዳራሹ ዘንጌን አየ። አላውቅም አልኩ።

ልጁ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ተናገረ።

«ሐኪሟም እንደ እርስዎ ናት ቲቸር። ምን እንደማደርግለት አላውቅም ነው ያለችው።»

አዳራሹ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ያ ያኔ የጠየቀው ሰው መሆን አለበት፣ ሰውዬውስ ምንድን ነው የሚለምናቸው ብሎ ደገመው። ሳቁ ቆመ። ልጁ እጅጌውን ወደ መዳፉ ጎተተ።

«ፍቱኝ አላለም» አለ። «ፈርቻለሁ፣ አጠገቤ ሁኑ ነው የሚለው።»

አዴ እንደ ልማዳቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሶዳዼራ» አሉ፣ ፈርቻለሁ ማለት ነው። የቀረውን ሊሉ ሞክረው አቃታቸው። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። ዘንጌን ሳጥኑ ላይ አስደገፍኩና በተሰባበረ ኦሮምኛዬ የቀረውን እኔ ጨረስኩላቸው፤ አንድም ቃል ከራሴ አልጨመርኩበትም።