ባሕር ማዶ የሄደው ኩራዝ

የምን አለሽ ተራው ሙነወር ኑሪ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ስለደከመ፣ ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን ያያል። ያን ቀን ሩታ የምትባል የሙዚየም ሠራተኛ መጥታ በመኪና ስትወስደው ግን ብትጮህለትም የሚገባው ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት ባሕር ማዶ የዓለም ትርኢት ተደርጎ ነበር አሉ። አገር ሁሉ የእጁን ሥራ ይዞ ቀረበ። አሁን ደግሞ ሙዚየሙ ያኔ የታየውን መልሶ ሊያሳይ ነው። ታይቶ ያለቀን ነገር እንደገና ማሳየት ምን ይባላል? የሙነወር ሰፈር አሮጌ ዕቃ ሲያገኝ ቀጥቅጦ ምድጃ ያደርገዋል እንጂ መስታወት ውስጥ አያስቀምጥም።

ሙዚየሙ ሲደርሱ ሩታ ጓንት አስጠልቃው አንድ ኩራዝ እጁ ላይ አኖረች። «ጋሼ ሙነወር፣ ከትርኢቱ የተመለሰ ነው ተብሎ በስጦታ ያገኘነው ነው። ማን እንደሠራው ግን አናውቅም። እርስዎ ምናልባት ካወቁት ብዬ ነው።»

ሙነወር ኩራዙን ወደ ብርሃን አዙሮ አገላበጠው። አባቱ ኑሪ ዕድሜውን ሙሉ «የሠራሁት ኩራዝ ባሕር ተሻግሮ ለዓለም ታይቷል» ሲል ነው የኖረው። ተራው ሁሉ ይስቅበት ነበር። ሙነወርም አንድ ቀን በሰው ፊት «አባባ፣ በቃህ! በውሸትህ አታሳፍረኝ» አለው። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ስለ ኩራዙ ትንፍሽ አላለም።

የቆርቆሮው መገጣጠሚያ ወደ ግራ ታጥፏል። አባቱ ግራኝ ነበር፤ እንዲህ የሚያጥፍ እሱ ነው። «የአባቴ እጅ ነው!» አለ እንባው እየመጣ። ሩታም ደስ ብሏት እስክሪብቶ አወጣች።

ልማድ ሆኖበት የክሩን መያዣ ነቅሎ ወደ ውስጥ አጮለቀ። ቆርቆሮ ሠሪ የጣሳውን ጽሑፍ ወደ ውስጥ አዙሮ ነው የሚሠራው። ውስጡ የዘይት ጣሳ ባርኮድ አለ። የስልሳ ዓመት ኩራዝ ባርኮድ ከየት ያመጣል?

ያኔ ትዝ አለው። በደስታ ራሱን ረስቶ እንጂ፣ ወደ ግራ የሚያጥፍ ሌላም ሰው አለ፤ ከአባቱ የተማረው እሱ ራሱ። አምና አንድ ሰውዬ «የድሮ አስመስለህ ሥራልኝ» ብሎ ኩራዝ አሠርቶታል። ይኸው ኩራዝ ነው፤ በጭስ ያጠቆረውም ራሱ ሙነወር ነው።

ታዲያ አባቱ ዋሽቷል ማለት ነው? ወይስ እውነተኛው ኩራዝ የሆነ ቦታ ወድቆ ቀርቷል? ነገሩ መላ ቅጡ ጠፋበት።

«የአባትዎን ሙሉ ስም ማን ልበል?» ሩታ ጮክ ብላ ደገመችለት።

ሙነወር የክሩን መያዣ መልሶ ገጠመ። «ኑሪ ጀማለዲን» አለ።

አባቱ ዋሽቶ ይሁን አይሁን ዛሬም አያውቅም። እሱ ራሱ መዋሸቱን ግን ያውቃል።