መንጃ ፈቃድ የሌለው ሾፌር

መኪና ነድቶ አያውቅም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ከዋናው ሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኞቹ ድረስ «ሾፌሩ» ነበር የሚሉት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የድንገተኛ ክፍሉን ተሽከርካሪ አልጋ ሲገፋ ኖሯላ!

አሁን ጡረታ ወጥቶ በረንዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ ዐይኑ ላይ የሚመጣበት አሮጌው ሕንፃ ነው። ያኔ በሽተኛ ሲመጣ በሩ አጠገብ ሲስተር ትቀበለዋለች። ትንፋሹን አዳምጣ፣ ግፊቱን ለክታ፣ የጠናበትን በቀጥታ ወደ ውስጥ፣ መታገሥ የሚችለውን ወደ አግዳሚው ወንበር ትልካለች። ራጅ ክፍሉ ደግሞ ከግቢው ማዶ ነበር፤ ጣራ የሌለው ቁልቁለት ተወርዶ። ዝናብ ከመጣ ጃንጥላ መያዝ የአስታማሚ ሥራ ነው።

ሚስቱን ያገኛት እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። አባቷ ከመሰላል ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ፣ እሷ ጃንጥላ ይዛ ከጎን ከጎን ትሮጣለች። ለካ ጃንጥላው አባቷን ትቶ የሚያስጠልለው ገፊውን ኖሯል።

«አንቺ ልጅ፣ በሽተኛው እኮ እኔ ነኝ!» አሉ ሰውዬው ውሃ እየወረደባቸው።

ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሚስቱ ሽምጥጥ አድርጋ ትክዳለች። «ነፋሱ ነው ያዞረብኝ» ትላለች።

ከተጋቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አንድ ቀን ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ደረታቸውን አሟቸው መጡ። ልባቸው ታየ፣ ደማቸው ተቀዳ፣ ራጅ ተነሱ። ሐኪሙም «ይተኙ» ብሎ ጻፈ። ላይኛው ፎቅ ግን ባዶ አልጋ አልነበረም፤ ስለዚህ ኮሪደሩ ዳር ቆዩ። ሰው በላያቸው ይመላለሳል። ሾፌሩ በአጠገባቸው ሲያልፍ እጅጌውን ያዙት።

«ልጄ፣ ከራጅ ከመለሱኝ ጀምሮ የማየው ኮርኒስ ብቻ ነው። ወዴት እንደምሄድ የነገረኝ የለም። ልሞት ነው እንዴ?»

ሾፌሩ ክው አለ። ያን ሁሉ ዓመት ሲገፋ፣ የተኛው ሰው ምን እንደሚያይ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ኧረ አባባ፣ ምን ሲደረግ! ምርመራው አልቋል። አሁን የምንጠብቀው አልጋ እስኪለቀቅ ነው። የሚወጣው ሰውዬ ልብሱን እየለበሰ ነው፤ በዐይኔ አይቼው ነው የመጣሁት።»

«ካባ ነው እንዴ የሚለብሰው፣ እንዲህ የቆየው?»

ሁለቱም ሳቁ። የሾፌሩ ሰዓት አልቆ ነበር፤ ግን እግሩ አልሄድ አለው። አልጋው ሲለቀቅ ራሱ ገፋቸው፤ «አሁን ወደ ቀኝ ልንታጠፍ ነው፤ አሁን ትንሽ ያንገጫግጨናል፤ ይኸው ደረስን» እያለ።

በሳምንቱ መምህሩ ድነው ወጡ። በእግራቸው ድንገተኛ ክፍል ድረስ መጥተው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ኮርኒሳችሁ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጣውላ አለው፤ ሦስቱ ተሰንጥቀዋል» አሉት። ከዚያ ወዲህ አፉን ዘግቶ የገፋው በሽተኛ የለም። አንዳንዱ ይሰማዋል፣ አንዳንዱ «ዝም ብለህ ግፋ!» ይለዋል። እሱ ግን ይናገራል።

በኋላ አዲሱ ሕንፃ ተሠራ። ራጁም ላብራቶሪውም አንድ ጣራ ሥር ገቡ፤ ወለሉ የተወለወለ፣ ጎማው ድምፅ የለሽ ሆነ። ደግ ነገር መሆኑን ሾፌሩም አይክድም፤ ስንቱ ነው እዚያ ቁልቁለት ላይ ሲንቀጠቀጥ የኖረው። ቢሆንም ያ መንገድ ሆዱን ያባባዋል። ሰው ከበሩ እስከ ራጅ ክፍል እስኪደርስ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለተወው ሥራ ያጫውተው ነበር።

«አሁንማ በሁለት ደቂቃ ይደርሳል» አለ ትናንት ለሚስቱ። «በሁለት ደቂቃ ምን ይወራል?»

«ታዲያ እኔ አለሁልህ አይደል?» አለችው ወንበሯን እየሳበች። «ዛሬ ደግሞ ስለ የትኛው በሽተኛ ነው የምትነግረኝ?»

ትንሽ አሰበና ጀመረላት።