እግሩ የተቆረጠው ወንበር

የላባው እጅ የከዳው አናጺው ጉሮሮ ላይ ነው።

ላባው ጸጉር አስተካካይ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ምላጩ ጉንጭ ላይ ሲሄድ ላባ ዳሰሰኝ እንጂ ብረት ነካኝ አትልም ይላሉ። ያን ጠዋት ሽማግሌው አናጺ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ዐይናቸውን ከድነው፣ የጎረቤታቸውን አጥር እያሙ ነበር። ላባው ምላጩን ከአገጫቸው ሥር ወደ ላይ ሲስብ፣ መጀመሪያ ትንሿን ጣቱን ጉንዳን ወረራት። ቀጥሎ አጠገቧ ያለችውን። ከዚያ ምላጩን በዐይኑ ያየዋል እንጂ በእጁ አጣው። እጁ አለ፣ ምላጩም አለ፤ በመሃላቸው ግን ማንም የለም።

ክንዱን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ምነው?» አሉ አናጺው ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

«ምላጩ ዶልዱሟል ጋሼ። ላስለው።»

«አሁን ስገባ አይደል እንዴ ጸጉር በአየር ላይ ይቆርጣል ብለህ የፎከርክብኝ?»

«የእርስዎን ጺም ሳያውቅ ነዋ። ሽቦ ነው።»

ጀርባውን ሰጥቷቸው ምላጩን መሳያው ቆዳ ላይ አመላለሰ። የሚስለው ምላጩን አልነበረም፤ ደሙ ወደ ጣቱ እስኪመለስ ጊዜ መግዛቱ ነው። ሲመለስለት ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣብቆ፣ እንደ ምንም ጨረሰላቸው። አናጺው ጉንጫቸውን ዳበስ አድርገው መርቀውት ወጡ። እሱ ወንበሩን ተደግፎ ቆመ።

እንዲህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። እጁ ወደ ታች ሲሆን ደህና ነው፤ ወደ ላይ ሲነሳ ይቀዘቅዛል፣ ይነጣል፣ ይደነዝዛል። ሌላም ነገር ነበር። ፊቱን ሲታጠብ፣ ከአንገቱ ሥር በቀኝ በኩል፣ ከትከሻው ከፍ ብሎ፣ ጣቱ አንድ ጠጣር እብጠት ያገኛል። ያገኘውን ለሚስቱም አልነገረም። የሚፈራውን በሽታ ስም በሆዱ እንኳ አልጠራውም።

ከበሽታው ይልቅ ግን የሚፈራው ሌላ ስም ነበረ። ሱቁ የአባቱ ነው። አባቱም እጀ መልካም ነበር፤ አንድ ቀን የእኚሁን አናጺ የቀኝ ጆሮ ጫፍ እስኪቆርጥ ድረስ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ መጋዝ አምጥቶ የደንበኞቹን ወንበር እግሮች ቆርጦ ነበር። ለምን ቢሉት «እንዲህ ይሻላል» ብቻ አለ። ደንበኞቹ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ እየተላጩ ሳቁበት። ጆሮው ሲቆረጥ ሳቁ ፍርድ ሆነ፦ በጤናው የራሱን ወንበር የሚቆርጥ ሰው የለም፣ ይኼ ሰው በጠዋቱ ነው የሚጠጣው። ሰዉ አንድ በአንድ ሸሸ። አባትየው መቀሱን ሰቅሎ የመጋዘን ጥበቃ ሆነ፤ «ሰካራሙ» እንደተባለም ሞተ።

ላባው ሱቁን ሲረከብ መጀመሪያ ያሠራው ነገር ቢኖር ከወንበሩ እግሮች ሥር በሚስማር የሚመቱ የእንጨት ጉማጆች ነው። የሠሯቸውም አናጺው ናቸው። ወንበሩ ከፍ ሲል የአባቱ ነውር የተቀበረ መሰለው። እሱ ራሱ መጠጥ የሚባል ነገር ከንፈሩን ነክቶት አያውቅም። ግን ያ እጅ አንድ ቀን ቢስት፣ ማን ያምነዋል? «የአባቱ ልጅ» ለማለት ሰው እስኪነጋ አይጠብቅም።

እናቱ አብራው ትኖራለች። ማዕድ ላይ ኩባያውን በግራ እጁ ሲያነሳ አየችው።

«ግራኝ የሆንከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ትኩስ ነው እማዬ።»

«በግራ እጅ ሲይዙት ይበርዳል?»

ሳቅ ብሎ ኩባያውን አስቀመጠ። እሷም አልደገመችም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ኩባያውን እስከ አፉ አትሞላለትም።

አናጺው እንደገና የመጡ ቀን ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ላባው ክንዱን ከፍ አድርጎ ወደ ጆሮ ግንዳቸው ተጠጋ፤ ያ ጫፉ የጎደለ ጆሮ አለ። ጉንዳኑ መጣ። አንዲት ስበት ብቻ ልጨርስ አለ በሆዱ።

ምላጩ ወደቀ።

ትከሻቸውን የሸፈነው ጨርቅ ላይ በጠፍጣፋው አረፈ፤ ተንሸራቶ ጭናቸው ላይ ቆመ። አናጺው ዐይናቸውን ገለጡ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ።

«ጠጥተሃል?»

ላባው አጠገባቸው በርከክ አለ። አፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠግቶ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ያሽቱኝ።»

አናጺው ነገሩን እንደ ዋዛ አላዩትም፤ አሸተቱት። «ምንም» አሉ ጮክ ብለው፣ አግዳሚው ላይ ያሉት እንዲሰሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሱ ብቻ፦ «አባትህም ያን ቀን መጠጥ መጠጥ አልሸተተኝም። ደሜ ሲወርድ እያየሁ አፍንጫዬን እንዴት ልመን።»

ላባው ሱቁን ዘግቶ ወደ ክሊኒክ ሄደ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ልጁ ብትሆን የምትደርስ። የእጁን አንጓ ይዛ «ክንድዎን ወደ ላይ ያንሱ» አለችው። አነሳ። ጣቷን አንጓው ላይ አሳርፋ ዝም ብላ አዳመጠች።

«ጠፋ» አለች።

«ምኑ?»

«የደም ምትዎ። ያውርዱት። አዎ፣ አሁን መጣ።»

ራጅ ተነሳ። ለውጤቱ እስኪጠሩት መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል፤ ስለ ግድግዳው ብትጠይቁት ግን አንድ ነገር አይነግራችሁም። በኋላ ጠራችው፤ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅላው ነበር። ፊቷን አየ፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተጻፈም።

«ይቀመጡ።»

«ቆሜ ልስማው ዶክተር።»

«ዕጢ አይደለም።»

ያን ጊዜ ተቀመጠ።

«ይኼ አንገትዎ ነው» አለች በእርሳስ እያሳየችው። «ሰባት አጥንት አለው። ጎድን የሚጀምረው ከሰባተኛው በታች ነው። እርስዎ ላይ ግን፣ አዩት፣ ሰባተኛው ራሱ በቀኝ በኩል ጎድን አብቅሏል። ወደ እጅዎ የሚወርደው የደም ሥርና ነርቭ በዚህ ትርፍ ጎድንና በጡንቻው መሃል ነው የሚያልፈው። ክንድዎን ሲያነሱ ይጨመቃል።»

«አንገቴ ላይ ጎድን ምን ሊሠራ መጣ?»

ፈገግ አለች። «ሰው በማሕፀን ገና ምስር ሲያክል ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ትናንሽ ጉብታዎች አሉት። ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። አንተ አንገት ሁን፣ አንተ ደረት፣ አንተ ወገብ እያሉ የሚያዟቸው ዘረመሎች አሉ። እነሱም ራሳቸው በተርታ ነው የቆሙት፤ ከፊት ያለው ወደ ራስ በኩል ያዝዛል፣ ከኋላ ያለው ወደ ታች። የደረቱ ትእዛዝ ጎድን ይወጣል ይላል፤ የአንገቱ አይወጣም ይላል። ትእዛዙ ድንበሩ ላይ ትንሽ ሲዛባ አንዱ አጥንት የጎረቤቱን መልክ ይይዛል።»

«የኔው ብቻ ነው የተዛባው?»

«ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛው ደግሞ ሳያውቀው ነው የሚኖረው። በእነዚህ ዘረመሎች የሚታዘዘው ሰው ብቻ አይደለም። አይጥም፣ ቀጭኔም ሰባት የአንገት አጥንት ነው ያላቸው፤ የቀጭኔው ይረዝማል እንጂ አይበዛም። ዝንብ እንኳ አካሏ የሚሠራው በእነዚሁ ዘረመሎች ዘመዶች ነው። እሷ ላይ ሲዛባማ ግንባሯ ላይ እግር ይበቅላል።»

«እንግዲያ እኔ በጎድን መገላገሌ ደግ ነው» አለ። ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። «ከወላጅ ይወረሳል?»

«በአንድ ቤተሰብ ተደጋግሞ የሚታይበት ጊዜ አለ።»

«አባቴ…» ብሎ ቀረ። «አባቴ ሞቷል።»

«የእሳቸውን ራጅ ሳላይ ስለ አባትዎ ምንም ልልዎ አልችልም። እርስዎን ግን ለቀዶ ሐኪም እልክዎታለሁ፤ እሱ አይቶ ይወስናል። እስከዚያ ክንድዎን ከትከሻ በላይ አያንሱ። ሥራዎ ምንድነው አሉኝ?»

«ጸጉር አስተካካይ።»

«ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ከፍ ያለ ነው?»

ላባው ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አየው። እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው።

«ዝቅ ያለ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ቤት ሲገባ እናቱ የሱቁን ፎጣዎች ታጥፍ ነበር። ስለ ራጁ አልነገራትም። እብጠቱንም አላሳያትም። አጠገቧ ተቀምጦ ጠየቃት።

«እማዬ፣ አባዬን እጁን ያመው ነበር?»

ፎጣው እጇ ላይ ቆመ።

«ዛሬ ምን ነካህ?»

«ንገሪኝ።»

«ክንዱን ከአልጋ ወደ ታች ለቆ ነበር የሚተኛው። አሻሺልኝ ይለኛል፣ አሻሸዋለሁ። ከወንዝ የወጣ ድንጋይ በለው። ሐኪም ይየው ስል፣ እጁን የሚያመው ጸጉር ቆራጭ ጋ ማን አንገቱን ይሰጣል ይለኛል። አትናገሪ አለኝ፤ አልተናገርኩም።»

«ከጆሮው በኋላስ?»

«ከጆሮው በኋላ ማን ሊሰማኝ።» ዝቅ ብላ ፎጣውን አየች። «ኋላ ኋላ እኔም ተጠራጠርኩ፣ ልጄ። አገር ሁሉ ሸተተኝ ሲል፣ አፍንጫዬ ነው የታመመው አልኩ። እዚህች ጋ ደግሞ አንዲት ነገር ነበረችው፤ ንክች አታድርጊኝ ይል ነበር።»

እንዲህ ስትል እጇን ዘርግታ፣ እንደ ዋዛ፣ ከአንገቱ ሥር በቀኝ በኩል፣ ከትከሻው ከፍ ብላ ጣቷን አሳረፈች።

ጣቷ እዚያው ቀረ። ዐይኗ ቀስ እያለ ሰፋ። እሱም አልተንቀሳቀሰም። ጣት ራጅ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሐኪሟም ነግራዋለች። ለእሱ ግን ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። እናቱ እጇን ሰብስባ የታጠፈውን ፎጣ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው።

በማግስቱ አናጺውን መዶሻና ጉጠት ይዘው እንዲመጡ ለመናቸው። ደንበኞች እያዩ ጉማጆቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ። ወንበሩ ዝቅ ሲል አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዱ «ደግሞ ተጀመረ» አለ፤ ጓደኛውም በክርኑ ጎሸመው።

ላባው ወደ እነሱ ዞረ። አባቱ መናገር ያልቻለው ይህችን ነው፤ እሱም ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጣት ነው ያደረው።

«ክንዴን ሳነሳ እጄ ይደነዝዛል» አላቸው። «አንገቴ ላይ ትርፍ ጎድን ወጥቶ ነው። ቀዶ ሐኪም ሊያየኝ ቀጠሮ ይዟል። እሱ እስኪፈቅድልኝ ምላጭ አልይዝም። ዝቅ ብሎ በመቀስ መቆረጥ የሚፈልግ ይቀመጥ፤ መላጨት የሚፈልግ ማዶ ሱቅ አለ።»

አንዱ ተነስቶ ሳይሰናበት ወጣ። ሌላው ተከተለው። በሩ ሲዘጋ ላባው በመስታወቱ ውስጥ አየው። የተሳለቀው ሰውዬ ለመነሳትም ለመቀመጥም ሳይወስን አግዳሚው ጫፍ ላይ ቀረ።

«እንደ አባትህ ወንበሩን ዝቅ አድርገህ ጎድን ነው ትለናለህ?» አለ።

አናጺው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ወንበሩ ላይ ወርደው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ወደ አገጫቸው መጣ። የጎደለ ጆሯቸውን በሁለት ጣት ይዘው ለሰውየው አሳዩት።

«ይኼ ጆሮ የማነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«እንግዲያ መጠጥ ይቁረጠው ጎድን፣ የምናገረው እኔ ነኝ። መጠጥ አይደለም።» ወደ ላባው ዞሩ። «በል፣ ጺሜንም ሞክረው።»

«አይሆንም ጋሼ። መቀስ ብቻ።»

«እሺ፣ መቀስ።»

ላባው ጨርቁን አለበሳቸው። ክርኑን ከጎኑ ሳያርቅ፣ ከጆሯቸው ዙሪያ ጀመረ። ትንሿን ጣቱን በጆሮው አዳመጣት ማለት ይቻላል። ጸጉሩ በጣቶቹ መሃል ሲያልፍ ይታወቀዋል፤ የመቀሱ ቅዝቃዜም ይታወቀዋል። ትንሽ ሠርቶ ክንዱን ወደ ታች ለቀቀ፤ በሰው ሁሉ ፊት አወዛወዘው። ምላጭ የሚስል ሊመስል አልሞከረም።

«ወንበሩ ከፍ ባለ ጊዜ የጎረቤቴ አጥር በመስኮት ይታየኝ ነበር» አሉ አናጺው። «አሁን ምኑን ልማ?»

አግዳሚው ጫፍ ላይ ያለው ሰውዬ ወደ መሃል ተጠጋና ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ከሳቸው ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለ።