የጃቫው ሰው አውራጃ

አሁንም ሳስበው ያበግነኛል። አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ዌርሃውስ ስንሠራ፣ ላንች ሰዓት ላይ ጋሽ መኮንን አዲስ የተቀጠረውን ኢንዶኔዥያዊ አፋጠው ያዙት። እንግሊዝኛው ስለሚያስቸግራቸው አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«ክፍለ ሀገሩን ጠይቅልኝ።»

«መካከለኛው ጃቫ» አለ።

«አውራጃውንስ?»

«ባንዩማስ።»

«ከተማውን!»

«ፑርዎኬርቶ።»

ጋሼ የሚያውቁት አገር ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ደሜ ፈላ። ሰው ሳንድዊቹን ሳይጎርስ እንደ ቀበሌ አመልካች ይመረመራል?

ሰውየው ግን ደስ ብሎታል፤ አሜሪካ ከገባ ወዲህ እንዲህ አጥብቆ የጠየቀው የለም። «እርስዎስ ከኢትዮጵያ የትኛው አውራጃ ነዎት?» አለ። ተረጎምኩላቸው።

ጋሼ ሹካቸውን ወርውረው ብድግ አሉ።

«በል ንገረው! እኛ ዘር የምንቆጥር ሰዎች አይደለንም!»