ያልደረቀው ጮቄ

ሥዕል መማር የጀመርኩት አምሮኝ አይደለም። እናቴ ታማ ነው። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር የተወለደች ሴት፣ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት ተኝታ በየቀኑ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «የተጠመቅሁበትን ደብር ተሳልሜ ብሞት ምን አለበት?»

ሐኪሙ መንገድ አትችልም አለ። መንገዱም ራሱ ተከፈተ ሲባል የሚዘጋ ሆኗል። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ባሳያት ዓይኗ አልለይ አላት። እና እኔ፣ ከሒሳብ በቀር ምንም የማላውቅ አስተማሪ፣ ተራራውን በትልቁ ሥዬ አመጣላታለሁ አልኩ። ሞኝነት ነው፤ ግን እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ይሻላል።

ሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ አሉ። በዘይት ቀለም ሊያስተምሩኝ ተስማሙ፤ ቁጣቸው ግን አያድርስ።

«ቅጠል አትቁጠሪ!» ይሉኛል። «ብርሃኑን ጣል አርጊና እጅሽን አንሺ።»

ጥላውን በጥቁር ብቀባው አስፋቁኝ። «ጥላ ጥቁር ነው ያለሽ ማነው? ውጪና እዪ።» ወጣሁ። ዝናብ ነው፤ ተራራው የለም፣ ጉም ብቻ። የዚያን ቀን ደጃቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ በጥላው አልነበረም።

ቀስ በቀስ ግን እጄ ገባው። ከቅርብ ሲያዩት ጭቃ የሚመስለው ቀለም፣ ራቅ ሲሉ የጮቄ ጓሳ ሣርና ጅብራ ተክል መሆን ጀመረ። ደብሩን ሣልኩት ማለት ይከብዳል፤ አንዲት ጠቆር ያለች አረንጓዴ ጠብታ ናት፣ ዛፎቹ፤ መሃሏ ላይ ትንሽ ነጭ፣ ቆርቆሮው።

«ክረምት ነው፣ ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ እንዳታነሺው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ ውሃ እንኳ መዋጥ አቅቷታል» አልኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን እያወቅሁ፣ እርጥቡን ሸራ በሁለት እጄ ይዤ ቤት ገባሁ።

ከአልጋዋ ራቅ አድርጌ አቆምኩላት።

«ጉሙስ እውነት ነው» አለች። «ደብሩ የታለ?»

ጠብታዋን በጣቴ አሳየኋት።

«አምጪልኝ።»

«እማዬ፣ ከቅርብ ሲያዩት ይጠፋል።»

«አምጪው አልኩሽ!»

አስጠጋሁላት። ልትሳለመው መሆኑ የገባኝ ነጠላዋን መስቀለኛ ስታጣፋ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ረፍዶብኛል። ጎንበስ ብላ ጠብታዋን በከንፈሯ ተሳለመች፣ ቀጥላም ግንባሯን አሳረፈችበት። ደብሩ ተዳምጦ ከተራራው ጋር አንድ ሆነ።

ቀለሙ የቀጠነበት አኳራጅ ቆዳዋን ያቃጥላታል ብዬ፣ በጥጥና በምግብ ዘይት ከንፈሯን ጠረግሁላት። ወደ ግንባሯ ስሄድ እጄን ያዘችኝ።

«ይሄን ተይው። እምነት ነው።»

እምነት የምትለው ከቤተ ክርስቲያን አምጥተን ግንባራችንን የምንቀባውን አፈር ነው። የእኔው ከሱቅ የተገዛ ቀለም ነው። ጥጡን ግን አስቀመጥኩት።

ሠዓሊው መጥተው ሸራውን አዩና «ደብሩን መልሰሽ ቀቢው እንጂ» አሉኝ። አልቀባሁትም።

ብዙም አልቆየችም። ሊገንዟት የመጡት ሴቶች ሲያጥቧት፣ አንዷ ግንባሯ ላይ ያለውን አረንጓዴ አይታ ልትጠርገው ጨርቅ አነሳች።

«ተዉት» አልኳቸው። «የደብሯ እምነት ነው።»