የሰይድን ክንድ ያየሁበት ቀን

ያን ቀን መርሳ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የነበርነው የስፖርት መምህሩ ይመር፣ ከደሴ የመጣው መልማይ፣ ሾፌሩ፣ ጦር ወርዋሪዎቹ ልጆች፣ ልጇን ተከትላ ከግራና መንደር የመጣችው ፋጡማና እኔ ነን። ለስፖርት ቡድን በወጌሻነት ስሠራ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው።

ወጌሻነትን የተማርኩት ከአባቴ ነው። ከበቅሎ ወይም ከማሽላ ማማ የወደቀ ሲመጣልኝ አጥንቱን መልሼ በቀርከሃ ስንጥር አስራለሁ። የቀለም ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። መምህር ይመር ወልድያ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «እትዬ ደስታ፣ ልጆቹ ሲወረውሩ ይጎዳሉና ይምጡልን» አለኝ። ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ወጣሁ። ልቤ ግን መንገዱን ሙሉ እቤት ነበር።

መልማዩ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ጦር ወርዋሪ ይፈልጋል። የፋጡማ ልጅ ሰይድ ክንዱን ያጠነከረው ከማሽላ ላይ ወፍ በወንጭፍ ሲያባርር ነው። የመጀመሪያ ውርወራው ወደ ጎን ሄደበት።

«ሰይድ! ማሽላህን ወፍ ጨረሰው እኮ!» ብሎ መምህር ይመር ጮኸ። ልጆቹ ሳቁ። ሰይድ እንደገና ሲወረውር ሾፌሩ ሮጦ መኪናውን ከሜዳው ጫፍ አራቀ። ጦሩ ከሁሉም ርቆ ተተከለ፣ ሰይድ ግን ክርኑን ያዘ።

መልማዩ ወደ እኔ ዞረና፣ «እናቴ፣ ክንዱን ይዩልኝ» አለ።

ክርኑን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። አጥንቱ ደህና ነው። በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ግን አብጧል፣ ይሞቃል።

ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ያመዋል ካሉ አይወስዱኝም» አለኝ።

ፋጡማ ደግሞ ነጠላዬን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ። «እጁን በስንጥር እሰሪልኝ።»

«ያልተሰበረ እጅ?»

«ቀበሌው ለውትድርና ሊመለምል ነው። እጁ የታሰረን አይወስዱም። ይኼም ሰውዬ ይተወዋል። ወላሂ፣ አንቺም እናት ነሽ!»

የበኩር ልጄ ለውትድርና እየደረሰ ነበር። «ፋጡማ፣ ደህና ክርን ታስሮ ከከረመ ይደርቃል። ሐኪም ፈትቶ ቢያየው ደግሞ ለልጁ የባሰ ነው። ያገኘሁትን ልናገር» አልኳት።

እሷ እየሰማች ለመልማዩ ነገርኩት። «ጅማቱ ተጎድቷል። ካሳረፋችሁት ይድናል። አሁን ካስወረወራችሁት ክርኑ አይዘረጋም።»

«እናሳርፈዋለን። ደሴ ሐኪም አለን።»

«ለውትድርና ቢጠሩትስ?» አልኩት።

«የቡድን ልጅ ማን ይነካዋል፣ እናቴ?»

ፋጡማ ልጇን አየችው። ከዚያ ለመልማዩ፣ «እንግዲያ ይሂድ። ከቀበሌው መኪና ያንተ መኪና ይሻለኛል» አለችው።

እኔም አመንኩት። ያን ጊዜ ለስፖርት የተመረጠ ልጅ ከጦር ሜዳ ተረፈ እንል ነበር። ክንዱን በዘይት አሽቼ በጨርቅ ጠቀለልኩለት። ፋጡማ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፣ ሁላችንም አሚን አልን። መኪናው ሰይድን ይዞ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ሄደ።

ከደሴ የሚመጡ ሾፌሮች ለጥቂት ጊዜ የሰይድን ሰላምታ ያመጡልን ነበር። በኋላ ወርዋሪዎቹን ወደ ጦር ማሰልጠኛ ጫኗቸው ተባለ። ሰላምታውም ቀረ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ወታደሮች ቤቴ እየመጡ እጅ እግራቸውን እጠግንላቸው ነበር። ሁሉንም ስለ ሰይድ ጠይቄያለሁ። አብዛኞቹ ጓዶቻቸውን የሚያውቁት በቅጽል ስም ብቻ ነው።

ለወጣት ወጌሾች የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ከመዳሰሳችሁ በፊት የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ የእናቱን ስምና መንደሩን ጠይቁ። ሲጠፋ የሚፈለገው በዚህ ነው።

የግራናውን ሰይድ፣ የፋጡማን ልጅ፣ ያየ ወይም ስለ እሱ የሰማ ካለ፣ በሕይወት ቢኖርም ባይኖርም፣ ወልድያ ለእኔ ወይም መርሳ ለመምህር ይመር ይንገረን። እናቱ ዛሬም አለች፣ ትጠብቀዋለች።