ስህተት ፈጽመዋል

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ደህናውን እያበላሸች ደመወዝ ትበላለች» ትላለች። አልዋሸችም። አዳማ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ተቀጥሬ፣ ሆን ብዬ ኬብል እነቅላለሁ፣ መስመር እቆርጣለሁ፤ ፕሮግራሙ ይችለው እንደሆነ አያለሁ። ደንበኛ ፊት ከሚወድቅ እኔ ፊት ይውደቅ ነው ነገሩ።

ባለፈው ክረምት አርሲ ነገሌ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ «ፕሮግራማችሁ የታካሚ ስም ይበላል» ብሎ አማረረ። ስደርስ ኃላፊው ጥፋተኛ አግኝቶ ጠበቀኝ፤ ካርድ ክፍል ሃያ ዓመት የሠሩ እናት። «አልገባቸውም። ከሰኞ ጀምሮ ልብስ እጥበት አዛውራቸዋለሁ» አለኝ፣ እሳቸው እየሰሙ። ደሜ ፈላ! ግን ምን ማስረጃ አለኝና ልናገር?

«አዴ፣ ልቀመጥ?» ብዬ፣ እዚያ አገር እናትን እንደሚጠሩት፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼ ማሽን ጠምዶኛል» አሉኝ።

አስቀድመው የነገሩት ሰው አይፈተንምና፣ አንዲት ታካሚ እየመዘገቡ ሳሉ በጠረጴዛው ሥር እጄን ሰድጄ የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩት። ፕሮግራሙ የተጻፈውን ይዞ ቆይቶ መስመር ሲመለስ መላክ አለበት። ያዘም። ስክሪኑ ላይ ግን ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ስህተት ፈጽመዋል»። አዴ ግራ ቀኙን ገላመጡና «ሰርዝ» የሚለውን ቶሎ ተጫኑት። የሴትዮዋ ስም ድራሹ ጠፋ።

«ምነው ሰረዙት?»

«አጠፋሽ አለኝ እኮ! ሰው ሳያይብኝ ብዬ ነው።» ግንባራቸውን አልቧቸዋል። «ፊደል የምስት መስሎኝ ቤቴም ስም እየጻፍኩ እለማመዳለሁ። ምንም አልረዳኝ።»

አፈር በበላሁ! ያንን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት ደርሶብኝ፣ ለመውጣት እየተጣደፍኩ። የማሽኑን ብልሽት ሁሉ ስፈትን፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሰው ላይ ምን ታደርግ ይሆን ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ገመዱን መልሼ ሰካሁና ላፕቶፔን ከፍቼ ጽሑፉን እዚያው ቀየርኩት። ኃላፊውን አስጠርቼ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኩት፤ አላመነኝም። አዴ ስም እየጻፉ ሳሉ እሱ እያየ ገመዱን ነቀልኩና «አዴ፣ ምን ይላል? እስቲ ያንብቡልን» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አስተካከሉ። «መስመር ተቋርጧል። የጻፉት አልጠፋም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

ኃላፊው «እንግዲያው እዚሁ ይቀጥሉ» ብሎ ወጣ። ይቅርታ እንኳ አላላቸውም፣ የማነው ደረቅ!

ገመዱን ልመልስ ጎንበስ ስል አዴ ትከሻዬን ያዙኝ። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ካለው ጽሑፍ አልተነቀለም።

«ተይው» አሉኝ፣ «ትንሽ ይቆይልኝ።»